ከእግር መርገጫ እስከ ማዞሪያ ቁልፍ፦ የዲፈረንሻል መቆለፊያ በስምጥ ሸለቆ መስኮች

ከሞጆ ወደ መቂ፣ ከአዳማ ወደ ወንጂ፣ ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው በበጋ የሚያውቀው አቧራን ነው። ይኸው መሬት ሐምሌ ሲገባ ሌላ ጠባይ ያወጣል። በአድአና በሎሜ ሜዳ ላይ የተኛው፣ የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይደርቃል፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላቁጣል፣ በጎማ ጥርስ መካከል ገብቶ ጎማውን እንደ ተላጨ ራስ ያለሰልሰዋል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች ዙሪያ ደግሞ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈው አመድና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ከጎማ ሥር እየሸሸ ያስቸግራል። በዚህ አገር ከመንገድ ወርዶ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስ ተሽከርካሪ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የወሰነው ከፋብሪካው ይልቅ ይህ አፈር ነው።

ሾፌር የአፈሩን ጠባይ የሚማረው በቦይ ዳር ነው። የግራው የኋላ እግር ጭቃ ውስጥ ገብቶ በባዶ ይሽከረከራል፤ ቀኙ ጠንካራ ሣር ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭቃው ይረጫል፣ መኪናው ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም። መሬት የሚይዘው እግር ቆሞ የማይዘው መዞሩ ላልለመደ ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ፍቺው የሚገኘው በኋላው አክሰል መካከል ባለው ክብ ሳጥን ውስጥ ነው።

መኪና ሲታጠፍ የውጭው እግር ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ስፋት 1.45 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው አንድ ሙሉ ክብ ዞሮ ሲመለስ የውጭው እግር ከውስጠኛው 9.1 ሜትር ያህል አብልጦ ተጉዟል፤ ክቡ ቢሰፋም ቢጠብም ልዩነቱ ያው ነው። ሁለቱ እግሮች በአንድ ዘንግ ተጣምረው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ርቀት ጎማው መሬቱን እየፋቀ ማቻቻል ነበረበት። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔዚፎር ፔከር በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለእንፋሎት ሠረገላ ያሰበው ዲፈረንሻል ይህን ችግር ፈታ። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ባለ ጥርስ መንኮራኩሮች እያንዳንዱ እግር በሚያስፈልገው ፍጥነት እንዲዞር ይፈቅዳሉ። ለሁለቱም የሚያደርሱት የመጠምዘዝ ኃይል ግን ሁልጊዜ እኩል ነው።

ችግሩ ያለው በዚህ እኩልነት ላይ ነው። 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ክብደቱ በአራት እግሩ ላይ እኩል ያረፈ የመስክ መኪና ለምሳሌ ይወሰድ። በእያንዳንዱ እግር ላይ 600 ኪሎ ግራም፣ ማለት 5,900 ኒውተን ያህል ያርፋል። ጠንካራ መሬት ላይ ያለው እግር የሰበቃ ልኩ 0.6 ቢሆን 3,500 ኒውተን ሊገፋ ይችላል፤ እርጥብ ኮቲቻ ላይ ያለው ልኩ 0.1 ቢሆን ከ590 አያልፍም። ዲፈረንሻሉ እኩል ስለሚያካፍል ጠንካራው መሬት ላይ ያለውም እግር የሚደርሰው 590 ብቻ ነው፤ ድምሩ 1,180 ኒውተን። አሥር በመቶ ተዳፋት ለመውጣት ብቻ፣ የጭቃው ግትርነት ሳይጨመር፣ 2,350 ኒውተን ያህል ያስፈልጋል። መኪናው ይቆማል። ዲፈረንሻሉ ተቆልፎ ሁለቱ እግሮች እንደ አንድ ቢዞሩ ግን የየራሳቸውን አቅም ይሰጣሉ፤ ድምሩ 4,090 ይሆናል፤ መኪናውም ይወጣል። አራቱንም እግር የሚነዳ መኪና ይህ ችግር የለበትም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ሆኖም በፊትና በኋላ አክሰሎቹ ላይ ያሉት ዲፈረንሻሎች ክፍት ከሆኑ አንድ የፊት እግርና በማዕዘን በኩል ያለው አንድ የኋላ እግር ሲፈቱ ባለ አራቱም መኪና እንደ ሌላው ይቆማል።

መቆለፊያው በነፃ የሚገኝ አይደለም። በክፍት ዲፈረንሻል እያንዳንዱ ግማሽ ዘንግ የሚሸከመው ወደ አክሰሉ ከሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ግማሹን ነው። ሲቆለፍና አንዱ እግር በባዶ ሲቀር ሙሉው ኃይል በአንዱ ዘንግ ላይ ይወድቃል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቂ ነዳጅ ተሰጥቶ፣ የያዘው እግር ከድንጋይ ጋር ሲፋጠጥ ዘንጉ ይሰበራል። ከተሰበረም በኋላ ጥርሶቹ እንደ ገመድ ተጠምዝዘው ሲገኙ ምክንያቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ሁለቱም ወገን ሳይታወቅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሲድሊ መኪና አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዐፄ ምኒልክም መኪናውን ተሳፈሩበት። በዚያን ጊዜ በስምጥ ሸለቆው በኩል የረባ የመኪና መንገድ አልነበረም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማና ሞጆ የባቡር ጣቢያ ሆኑ፤ ከጣቢያው ወደ እርሻውና ወደ ገበያው ያለው ጉዞ ግን የበቅሎና የአህያ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ የጦርና የጭነት መኪና በብዛት ገባ። ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ብሎ የሰየመው ፊያት 634 ከነዚያ መኪኖች ሁሉ ስሙ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ነው። ጣሊያኖቹ ሲወጡ መኪኖቹና ቃላቱ ቀሩ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ በየጋራዡ አሉ። ትሬንታ ኳትሮና ከሱ በኋላ የመጣው ኤንትሬ የሚነዱት የኋላውን አክሰል ብቻ ነበር። መንገድ የያዘ ከባድ መኪና በክብደቱ ራሱን ይረዳል፤ ከመንገድ ሲወርድ የሚያድነው አካፋና የረዳቱ ጉልበት ነው።

መቆለፊያው ወደዚህ ሸለቆ በብዛት የገባው በመኪና ሳይሆን በትራክተር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር በአዋሽ ዳር የተዘረጋው ሸንኮራ አገዳ በመስኖ የሚጠጣ ነበር፤ በመስኖ የራሰ ከባድ አፈር ላይ የሚሠራ ኩባንያ የትራክተርን እግር ጉዳይ ችላ ማለት አይችልም። ጉዳዩ ከኩባንያ አጥር ወጥቶ የብዙ ሰው ኑሮ የነካው ግን ከአዳማ በስተ ደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአሰላ ዙሪያ፣ በጭላሎ አውራጃ ነው።

በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አደለ፣ ብድር ሰጠ፣ በበሬ የሚጎተቱ የተሻሻሉ መሣሪያዎችንም አጠና። የስንዴው ምርት ሲያድግና ማዳበሪያው ጥቅሙን ሲያሳይ ግን ባለ ርስቶቹ የራሳቸውን ስሌት አወጡ። የእርሻ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ለእርሻ የሚውለው ነዳጅም ከግብር ነፃ ነበር። ስለዚህ ከጭሰኛ ሲሶ ወይም እኩሌታ ከመቀበል መሬቱን በትራክተር ማረስ ይበልጥ አዋጣ። ጭሰኛው ተነቀለ። በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ በኩልም ይኸው ታየ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስኪሽር ድረስ የትራክተር ድምፅ በብዙ ጎጆ እንደ መርዶ ነበር። የምሕንድስና ታሪክ ሲጻፍ ይህ ምዕራፍ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት ተትቶ ይታለፋል፤ ሊታለፍ ግን አይገባውም። ያ ማሽን ከበሬው የበለጠው በፈረስ ጉልበቱ ብቻ አልነበረምና።

ማረሻ የሚጎትት ትራክተር አንዱን እግሩን ትልም ውስጥ አስገብቶ፣ ሌላውን ባልታረሰው መሬት ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። ወደ ትልሙ ስለሚያጋድል ክብደቱ ወደዚያው እግር ያመዝናል፤ በላይ ያለው እግር ይቀልለዋል። ሣር ወይም ገለባ ላይ፣ ጠዋት ጤዛ ሳይረግፍ፣ የቀለለው እግር ይንሸራተታል፤ ዲፈረንሻሉም የከበደውን እግር አቅም ወደ ቀለለው ልክ ያወርደዋል። በሁለት ጥማድ በሬ መካከል እንዲህ ያለ ችግር የለም፤ እያንዳንዱ በሬ በራሱ እግር መሬት ይቆነጥጣል። ትራክተሩ እርጥብ መሬት ላይ ከበሬ እኩል እንዲቆም ያስቻለው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩት እንደ ማሴይ ፈርጉሰን ባሉ ትራክተሮች ላይ መቆለፊያው ከሾፌሩ ቀኝ እግር አጠገብ ያለ አነስተኛ መርገጫ ነው። ሾፌሩ ሲረግጠው ሁለቱን ዘንጎች የሚያጣምረው ባለ ጥርስ ቀለበት ይገጥማል፤ ሲለቀው ምንጩ፣ ማለት የሽቦው ጥቅል፣ ይመልሰዋል። ጥርሶቹ ኃይል ተሸክመው ከሆነ መርገጫው ቢለቀቅም አይፈቱም፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ከተንሸራታቹ ወገን ያለውን ፍሬን ለቅጽበት መንካት ነው።

ይህ ትንሽ መርገጫ ጥሩ መምህር ነበር። ሰው እግሩን ሁልጊዜ ጭኖ ሊቆይ ስለማይችል ሲደክመው ያነሣል፣ መቆለፊያው ይፈታል። የትልሙ ጫፍ ደርሶ ሲዞር እግሩ ለፍሬን ስለሚያስፈልግ ያው ይፈታል። መጽሐፍ ያላነበበ፣ ከሌላ ሾፌር ጎን ተቀምጦ ብቻ የተማረ ሰው ስሕተት የሚሠራበትን ዕድል ሠሪው አስቀድሞ በምንጩ ቀንሶለታል።

በዚያው ዘመን በአዳማ ሌላ ዓይነት ጭንቀት ነበረ። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ደጋማ አውራጃዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የሥልጠናው ማዕከልም በናዝሬት፣ ማለት በዛሬይቱ አዳማ፣ ሆነ። የወባን አሠራር የሚያውቅ የተሽከርካሪውን ችግር ወዲያው ይረዳዋል። ቤቶቹ የሚረጩት ዋናው የመተላለፊያ ወቅት ሳይደርስ ነው፤ ዋናው ወቅት ከመስከረም በኋላ ስለሆነ ረጪው ቡድን መድኃኒቱንና ፓምፑን ጭኖ መንደር መግባት ያለበት በክረምቱ፣ ኮቲቻው በሚላቁጥበት ጊዜ ነው። ሳምንት የዘገየ መኪና ሳምንት የዘገየ ርጭት ነው፤ ትንኟ ግን ቀጠሮዋን አታሸጋግርም።

የዚያ ዘመን የመስክ መኪኖች፣ ላንድ ሮቨርም ሆነ ጂፕ፣ አራቱንም እግር ቢነዱም በአክሰሎቻቸው ላይ ያለው ዲፈረንሻል ክፍት ነበር። የዳነው በሰንሰለት፣ በእንጨት ሳንቃ፣ በገበሬው በሬና በመንደሩ ሰው ትከሻ ነው። ትራክተሩ የነበረውን መርገጫ የመስክ መኪናው አላገኘም። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ትራክተር በቀስታ ስለሚሄድ ቁልፉን ቢረሱት ጉዳቱ ውስን ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ተቆልፎ ኩርባ ቢገባ መሪው እምቢ ይላል፤ ወደ ቦይ ይነዳል። ሁለቱን ጠባይ ያጣመረ ተሽከርካሪ በጀርመን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመርቷል። ኡኒሞግ የተባለው ይህ ማሽን በፊትም በኋላም መቆለፊያ ነበረው። መጀመሪያ የታሰበውም ለእርሻ ነው፤ የእግሮቹ ስፋት 1.27 ሜትር የሆነው ሁለት የድንች ረድፍ እንዲያቅፍ ታስቦ ነው።

ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ማሽኖች ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። ወታደሩና ሕዝቡ ኦራል የሚለው ባለ ስድስት እግር ነጂ ኡራል በአክሰሎቹ ላይ መቆለፊያ የለውም፤ የሚቆለፈው ኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያካፍለው ሳጥን ውስጥ ያለው ዲፈረንሻል ነው። ከዚህ ጋር ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን አየር የሚቀንስበትና የሚጨምርበት መሣሪያ ነበረው። በዝዋይ ዙሪያ ላለው ልል አሸዋና አመድ ከመቆለፊያ ይልቅ ይህ ይረዳል። ሁለት እግር እኩል ሲሽከረከር ሁለት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አየሩ የቀነሰ ጎማ ግን ሰፍቶ ክብደቱን በሰፊ መሬት ላይ ያሳርፋል።

በመንግሥት እርሻዎች የተሰማራው የቤላሩስ ትራክተር ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በኤምቴዜድ 80 ዓይነቱ ላይ መቆለፊያው በዘይት ግፊት ይሠራል፤ ሾፌሩ ወደ አውቶማቲክ ካዞረው ፊቱ ቀጥ ሲል ተቆልፎ ይሄዳል፣ የፊት እግሮቹ ከተወሰነ ማዕዘን አልፈው ሲታጠፉ ራሱ ይፈታል። ማሴይ ፈርጉሰኑ በምንጭ ያስተማረውን ሶቪየቱ በመሪው ዘንግ አስተማረ። በሶቪየት ርዳታ በናዝሬት የተተከለው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የስምጥ ሸለቆዋን ከተማ የዚህ ዓይነት ዕውቀት ማዕከል ሊያደርጋት የሚችል ዕድል ነበር። ፋብሪካው ከጊዜ በኋላ የአዳማ እርሻ መሣሪያዎች ኢንዱስትሪ ተባለ። መገጣጠም አንድ ነገር ነው፤ አንድ መቆለፊያ ስለምን በዚያ ማዕዘን እንደሚፈታ ማወቅ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልፉ ወደ መኪናው ተሻገረ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የመርሴዲስ ጂ መኪና በሁለቱም አክሰሎች ላይ መቆለፊያ ሊገጠምለት ይችል ነበር። በ1984 የወጣውና በኢትዮጵያ መስክ ላይ የነገሠው ባለ 70 ተከታታይ ቁጥር ላንድ ክሩዘር፣ ሃርድቶፕ የሚባለው፣ በኋላ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መቆለፊያ ያለው ሆኖ ይመጣ ጀመር። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማዞሪያ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው፣ ደግሞ ሲዞር የፊቱም ይቆለፋል። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የፊቱ ሲቆለፍ መሪ ይከብዳል፤ በፊት እግሮቹ መታጠፊያ ያለው መጋጠሚያ ደግሞ ከኋላው ዘንግ ይልቅ ስስ ነው። ስለዚህ የኋላው መጀመሪያ፣ የፊቱ በመጨረሻ፣ ያውም መሪው ቀጥ ብሎ።

ማዞሪያው ምቹ ነው፤ መምህርነቱን ግን ጥሏል። እግር ሲደክም የሚፈታ ምንጭ የለውም። በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ መሪ ሲታጠፍ ራሱ አይለቅም። የሚያስጠነቅቀው አንዲት መብራት ናት። መብራቷ ስትብለጨለጭ ጥርሶቹ ገና አልገጠሙም ወይም ገና አልተፈቱም ማለት ነው፤ ሾፌሩ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብሎ፣ መሪውን ግራና ቀኝ ነካ አድርጎ እንዲፈታ መርዳት አለበት። መብራቷ የምትለውን የሚያስረዳው መጽሐፍ የመጣው በሠሪው ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከግዢ ክፍሉ መዝገብ ጋር ይቀመጣል። ሾፌሩ ከጭቃው ወጥቶ አስፋልት ሲረግጥ መሪው ለምን እንደ ከበደው አያውቅም፤ ጎማው በኩርባ ላይ ለምን እንደሚጮኽ አያውቅም። የሚያውቀው ዘንጉ ሲሰበር ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ ወደ መኪናው ወይም ወደ ሾፌሩ ይላካል፤ ትራክተሩ በምንጭና በመሪ ዘንግ ይሸከም የነበረውን ማስታወስ ማን በሰው ራስ ላይ እንደ ጫነው የሚጠይቅ የለም።

ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናው ሁሉን ይወጣል የሚለው እምነትም ብዙ አክሰል በልቷል። መቆለፊያ የሌለ ሰበቃ አይፈጥርም። አራቱም እግር ኮቲቻ ውስጥ ከገቡ ከላይ በተሰጠው ስሌት እያንዳንዱ 590 ኒውተን ሰጥቶ ድምሩ 2,360 ነው፤ ያም አሥር በመቶውን ተዳፋት ብቻ ያህላል፣ ለጭቃው ምንም አይተርፍም። ቁልፉ የሚረዳው አንዱ እግር የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር ገና ጭቃው ሳይደርስ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ በዝግታ ሲሄድ ይቆልፋል፤ ከተሰጠመ በኋላ በሚሽከረከር እግር ላይ የሚቆልፍ ጥርሶቹን እንደ መዶሻ ያጋጫቸዋል።

የኮቲቻ ሌላው መልስ ከአክሰሉ ውጭ ነው። በቢሾፍቱ ዙሪያና በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የቆሙት ትናንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች ቀይና ጥቁር ገረጋንቲ ተሸክመዋል። የኢትዮጵያ የትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ባለ ሥልጣን ከእንግሊዙ የትራንስፖርትና መንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር በጋራ ያካሄደው ጥናት ይህ ገረጋንቲ እንዴት ለመንገድ እንደሚውል በሙከራ መንገድ ላይ ፈትኗል። ሲወቀጥ የሚደቅቀው ገረጋንቲ ራሱን በራሱ እያጠበቀ ጥሩ መሠረት ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ኮረብታውን ቆርሶ በኮቲቻው ላይ ማንጠፍ ለሁሉም ጎማ የተደረገ መቆለፊያ ነው፤ ለአህያ ጋሪውም፣ ለባጃጁም፣ ክፍት ዲፈረንሻል ላለው አውቶቡስም።

በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድና ከሞጆ በመቂ በኩል ወደ ባቱ የተዘረጋው መንገድ የከተሞቹን ጉዞ ለውጠዋል። በክፍያ ጣቢያው የሚያልፈው ሃርድቶፕ ማዞሪያውን ለወራት ሳይነካ ሊኖር ይችላል። ከመንገዱ አጥር ማዶ ግን የሽንኩርትና የቲማቲም መስክ አለ፤ የወባ ቡድኑ የሚገባበት ቀበሌ አለ፤ ከአርሲ የሚወርደው ኮምባይነር በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሻገረው ቦይ አለ። የተሽከርካሪ ምሕንድስና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ በአዳማ አለ። በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ መቼ እንደሚቆለፍና መቼ እንደሚፈታ የሚናገር ጽሑፍ በየመኪናው የፀሐይ መከለያ ላይ መለጠፍ ከአንድ የተሰበረ ዘንግ ዋጋ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።